ከዋጃ ወዲያ የነበረችው ሲዲ

ለምታነቡት ሁሉ አስቀድሜ ይቅርታ እላለሁ። እኔ ለመጻፍ የምበቃ ሰው አይደለሁም። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። የማውቃትን ፊደል የለቀምኳት ትልቅ ሴት ሆኜ፣ ከሲዲ ላይ ነው። ይህን ደብተር ሦስት ጊዜ ከፍቼ ሦስት ጊዜ ዘግቼዋለሁ። አንድ ገጽ ለመሙላት ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል፣ መልሼ ሳነበው ደግሞ አፍራለሁ። ግን የአያ ሙሀመድሰይድ የወንድማቸው ልጅ አስተማሪ ነው፤ "ጌጤ፣ አጎቴን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። እንደምታወሪው አድርገሽ ጻፊው" አለኝ። እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት የእሳቸውን ደግነት ለመጻፍ ብቻ አይደለም። የእኔም ጥፋት ስላለበት ነው። የልጃቸውን የነሲባን ድምፅ ከቤት ያወጣሁት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

አያ ሙሀመድሰይድ፣ አላህ ይዘንላቸው፣ ቆቦ ላይ አስፋልቱ ዳር ሙዚቃ ቤት ነበራቸው። የተወለዱት ሮቢት ነው። በወጣትነታቸው የአሰብ መኪና ረዳት ነበሩ፤ የመጀመሪያዋን ቴፕ የገዙት እዚያ ሲመላለሱ ነው። በኋላ መኪናው ቀረ፣ ቴፗ አብራቸው ቀረች። ስም ያለው ዘፋኝ ሲከተሉ አላየኋቸውም። የሚቀዱት የእኛኑ ሰው ነው። ሰርግ ባለበት ሁሉ መቅጃቸውን በትከሻቸው አንጠልጥለው ይሄዳሉ፤ ከበሮ የሚመታውን ገበሬ፣ ግጥሙን የምታወጣውን ሴት፣ ሸሆቹ ሲሰበሰቡም መንዙማውን ይቀዳሉ። ድሮ በካሴት ነበር፣ ኋላ በሲዲ ሆነ። እኔ ስገባ አራት መቶ ምናምን ሲዲ ነበር፣ መጨረሻ ላይ ከስድስት መቶ አልፏል።

እኔ እዚያ ቤት የገባሁት ለመጥረግ ነው። ከባሌ ተለያይቼ ከደጋ መውረዴ ነበር፣ የቆላው ሙቀት ገና እያዞረኝ። አንድ ቀን መደርደሪያውን ስወለውል አንድ እቅፍ ሲዲ ከእጄ ወደቀ። ማንም ሳያየኝ ብዬ ቶሎ ቶሎ ለቀምኩና እንደመጣልኝ መለስኩት። ከሰዓት አንድ ሰው የእህቱን ሰርግ ፈልጎ ከጎብዬ መጣ። አያ መደርደሪያውን ሳያዩ እጃቸውን ሰደዱ፣ አውጥተው ማጫወቻው ውስጥ ከተቱ፤ የሌላ ሰው ሰርግ ሆነ።

"ኧረ አያ ሙሀመድሰይድ፣ ሙሽራዋን ለወጡብኝ እኮ!" አለ ሰውየው እየሳቀ። "ሙሽራው ይህን ከሰማ ካሳ ይጠይቀዎታል።"

እሳቸው አልሳቁም። ዞረው እኔን አዩኝ።

"ጌጤ፣ ማንበብ አትችይም እንዴ?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"አብሽሪ" አሉኝ፤ አይዞሽ ማለታቸው ነው። "ከወልድያ በመኪና ስትመጪ ቀድመሽ የምታገኚው ምንድን ነው?"

"ጎብዬን።"

"ከዚያስ?"

"ሮቢት። ከዚያ ቆቦ።"

"ከቆቦ ወዲያ?"

"ዋጃ።"

"በቃ፣ አነበብሽ" አሉ።

ለካ መደርደሪያው መንገዱ ነው። ከግራ ጎብዬ ይጀምራል፣ ሮቢትን ያልፋል፣ መሃል ላይ ቆቦ አለ፣ በቀኝ ጫፍ ዋጃ ያልቃል። ከአስፋልቱ ገባ ያሉት ቀበሌዎች ደግሞ በየመታጠፊያቸው ላይ ናቸው። ሰው ሲመጣ "ማን ዘፈነው?" ብለው አይጠይቁም። "የት ነበር ሰርጉ?" ነው የሚሉት። መንዙማው ብቻ ከሁሉም በላይ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ በላዩ ላይ ሌላ ነገር አይጫንም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲዲ ስመልስ የተጻፈውን በጣታቸው እያስያዙ ያሳዩኛል። ከጎብዬ "ጎ"ን ያዝኩ፣ ከሮቢት "ሮ"ን። በዓመቱ የሙሽሮቹን ስም ማንበብ ጀመርኩ። በሁለተኛው ዓመት ማርከሩን ሰጥተውኝ "ጻፊ" አሉኝ። የመጀመሪያዋን ፊደል ስጀምር ፊታቸውን ወደ አስፋልቱ አዞሩልኝ፣ እንዳላፍር ነው።

ማጫወቻው አምስት ሲዲ በአንድ ጊዜ የሚይዝ ነበር። ቁልፉን ስትጫኑት አንድ ክብ ነገር ይወጣል፣ አምስት ጎድጓዳ አለው። እኛ ሰፌዱ ነበር የምንለው። አምስቱን ትጭናላችሁ፣ ይገባል፣ እየዞረ በየተራ ያጫውታል። ቆቦ ላይ እንዲህ ያለ ሌላ አልነበረም፤ ልጆች ሰፌዱ ሲዞር ለማየት ብቻ ይመጡ ነበር። ሲዲዎቹን ያለ ተራ የሚያደባልቅ ቁልፍም ነበረው። አንድ ረመዳን ከሰዓት መንዙማ ተከፍቶ ሽማግሌዎች አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። አምስተኛው ጎድጓዳ ላይ የከረመ የሰርግ ሲዲ እንዳለ ማንም አላስተዋለም፣ ቁልፉም ሳይታወቅ ተነክቷል። መንዙማው ሲያልቅ ከበሮው ድም አለ፣ እልልታው ቀለጠ። አንድ ሸህ መቁጠሪያቸውን ይዘው ቀና አሉና፣

"ሙሀመድሰይድ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ በሰርግ ልታስፈጥረን ነው?" አሉ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። አያ ግን በዚያው ቀን ቁልፉ ላይ የቁስል ፕላስተር ለጠፉበት። ከዚያ ወዲህ መንዙማና ዘፈን አንድ ሰፌድ ላይ ተቀምጠው አያውቁም።

ያንን ማጫወቻ ከጅዳ የላከችው ነሲባ ናት። ያለቻቸው አንዲት ልጅ እሷ ነበረች። ሰው ቤት እየሠራች ገዝታ፣ ከምትመለስ ሴት ጋር ላከችው። "አባ፣ ሲዲ ለመቀየር ስትነሳ ስትቀመጥ ጉልበትህ አለቀ፤ አሁን አምስቱን ጭነህ ቁጭ በል" ብላ ነው የላከችበት።

ብዙ ሰው ከሳዑዲ የተመለሰበት ዓመት እሷም በአንድ ፌስታል ተመለሰች። ያኔ ነው ያወቅኳት። ቀጭን፣ ዓይን አፋር ልጅ ነበረች። ድምፅዋ ግን ሌላ ነው። ልጅ ሆና የአባቷን ማሽላ ከወፍ ስትጠብቅ ማማው ላይ ቆማ ከመጮህ ነው የተሳለው ይላሉ። በዓመቱ ጥር ላይ የአክስቷ ልጅ የራዊያ ሰርግ ዋጃ ሆነ። ሴቶቹ "ነሲባ ታውጣ፣ ነሲባ ታውጣ" ብለው ጎተቷት። ዘፈን ከመጀመሯ በፊት ሁልጊዜ ትስቃለች፤ አፍራ ነው፣ አንዲት አጭር ሳቅ፣ ከዚያ ትንፋሽ ትስባለች፣ ከዚያ ቤቱ ጸጥ ይላል። አያ መቅጃቸውን ይዘው ጥግ ላይ ቆመው ነበር። እኔም ነበርኩ። ልጃቸውን እንደ ሌላ ሰው ልጅ ሲያዳምጧት አየሁ።

በዓመቱ ሄደች። ለማንም ሳትናገር፣ ከሌሎች ልጆች ጋር፣ በአፋር በኩል በእግር። ከባሕሩ ዳር፣ ከኦቦክ አንድ ጊዜ ደወለች። "አባ፣ ነገ ባሕሩን እንሻገራለን። ዱዓ አድርግልኝ።" ከዚያ በኋላ ምንም የለም። በሳምንቱ አንዲት ጀልባ ሰጠመች ተባለ። ነበረችበት ያለን የለም፣ አልነበረችበትም ያለንም የለም። ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ሆነ።

እናቷ እትዬ ጀዊሪያ ሞተች የሚል ቃል ቤቷ እንዲገባ አልፈቀደችም። የልጇን ልብሶች በየጊዜው አውጥታ ፀሐይ ታስመታቸዋለች፣ አጥፋ ትመልሳለች። ሰደቃ አልወጣም። ለቅሶ አልተቀመጡም። ሰው መጥቶ ሊያጽናና ቢጀምር "መንገደኛ ናት" ትለዋለች፣ ሰውም ጫማውን አድርጎ ይሄዳል።

አያም የዋጃውን ሰርግ ከፍተው አያውቁም። የተቀዳ እንዳለ አውቃለሁ፣ የት እንዳስቀመጡት ግን ጠይቄ አላውቅም፤ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም። አንድ ቀን ብቻ፣ ሳልጠይቃቸው፣ "መንገደኛን ከኋላው አይጠሩትም" አሉኝ። "ድምፅዋን ብከፍተውና መሃል ባሕር ላይ ዞር ብትልስ?"

በጦርነቱ ዓመት ሲዲዎቹን በጆንያ አድርገን፣ ማጫወቻውን በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ ጓሮ ካለው የማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ቀበርናቸው። ሲዲ የምናባዛበት ኮምፒውተር አልተረፈም። የራዊያም ቤት፣ እዚያ የነበረው የሰርጉ ቅጂም አልተረፈም። የእኛ ሲዲዎች ግን ወጡ። መብራት ሲመለስ አያ ወራት ሙሉ ተቀምጠው፣ አምስት አምስት እየጫኑ፣ እየሰሙ፣ መንገዱን እንደገና ዘረጉት። ስድስት መቶውንም። ዋጃ ላይ ደርሰው ሲጨርሱ ከጫፉ ትንሽ ክፍት ቦታ ተዉ፣ ከዚያ ወዲያ አንዲት ሲዲ ለብቻዋ አቆሙ። እኔ አይቻታለሁ። ምን እንደሆነች አላሰብኩም።

ከዚያ ዘመኑ የሞባይልና የፍላሽ ሆነ። ሲዲ የሚፈልግ ጠፋ። አያም ኩላሊታቸውን ታመሙ። ባለፈው መስከረም ለሕክምና ደሴ ሲወስዷቸው የሱቁ ባለቤት ቤቱን እፈልገዋለሁ አለ። እቃውን ወደ መኖሪያ ቤታቸው ማጓጓዝ በእኔ ላይ ወደቀ።

እዚህ ላይ ነው እጄ የሚከብደኝ።

ደስ ላሰኛቸው ብዬ ነው። ሲመለሱ መንገዳቸውን እንደተዘረጋ እንዲያገኙት ፈለግሁ። እያንዳንዷን ሲዲ እያነበብኩ ከጎብዬ ጀምሬ በካርቶን ደረደርኩ። አንዲት እንኳ አልተሳሳትኩም። ዋጃ ላይ ስደርስ ያቺን የብቻዋን አነሳሁ። በፊት ብትሉ በኋላ ምንም የተጻፈ የላትም። የተጻፈበት ሁሉ ደህና ነው፣ ያልተጻፈበት ሲቀዳ የተበላሸ ነው፤ እኔ የማውቀው እንዲህ ነው። የተበላሹት የሚከማቹበት ሌላ ካርቶን ነበር። እዚያ ከተትኳት። ፊደል የማላውቅ በነበርኩ ጊዜ ቢሆን ኖሮ እጠይቃቸው ነበር። ማንበብ ቻልኩ ብዬ ሳልጠይቅ ቀረሁ።

በማግስቱ ሞላ መጣ። ሞላ ከከተማው ወጣ ብሎ ማሽላ የሚያርስ ሰው ነው፣ አያን ከድሮ ያውቃቸዋል። ግሪሳ ገብቶበት ነበር። የእኛን አገር ለማታውቁ፣ ግሪሳ ማለት እንደ ደመና የሚመጣ ትንሽ ወፍ ነው፤ እሸቱ ወተት ሲይዝ ወርዶ በአንድ ቀን የዓመት እንጀራ ይበላል። ሲዲ በክር ሲንጠለጠል ፀሐይ እየመታው ያብረቀርቃል፣ ወፉ ይሸሻል። አያም የተበላሸውን ለገበሬው ሁሉ በነጻ ይሰጡ ነበር።

"እታለም፣ ድረሽልኝ። ወንጭፍም ጅራፍም አልበቃኝ አለ" አለኝ።

"ያለው የተበላሸው ነው፣ አይሰራም።"

"ወፍ ምን ቸገረው! ዘፈን ሊመርጥ ነው? ያብረቅርቅ እንጂ።"

ሳቅሁ። ካርቶኑን እንዳለ አስታቀፍኩት። አርባ ነበሩ።

አያ በሦስተኛው ሳምንት ተመለሱ። ከስተው፣ ዓይናቸው ብቻ ቀርቶ። ሲዲዎቹን ግድግዳው ሥር በመንገዳቸው ተደርድረው ሲያዩ እጃቸውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬዱባቸው። "ማሻአላህ፣ ጌጤ" አሉኝ። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ታመኛለች።

በማግስቱ ሚስታቸውንም እኔንም ጠሩን።

"የደሴው ሐኪም ያለኝን ሰምቻለሁ" አሉ። "ቀኔ ቅርብ ነው። ነሲባን ሳልቀብራት አልሄድም። ሬሳ አልሰጡኝም፣ ድምፅ ግን አለኝ። አንድ ጊዜ ልስማትና ሰደቃዋን ላውጣ።"

እትዬ ጀዊሪያ ቆመች።

"እኔ ልጄን አልገድላትም! አንተ ሙት ካልክ ሙት፣ እሷን ምን አድርጊ ትላታለህ?"

"ጀዊሪያ፣ ዘጠኝ ዓመት እኮ ነው።"

"መቶ ይሁን!" መጋረጃውን ገልጣ ወደ ውስጥ ገባች። አልጋው ሲንቋቋ ሰማን።

አያ ወደ እኔ ዞሩ። "አምጪልኝ እስቲ። ከዋጃ ወዲያ ያለችውን።"

"የትኛዋን?" አልኩ። ልቤ አውቋል፣ አፌ ነው የጠየቀው።

"ምንም ያልተጻፈባትን። ሰው ስሟን አይቶ ክፈቱልን እንዳይል ነው ሳልጽፍባት የተውኩት።"

ግድግዳው ሥር ተንበርክኬ የፈለግሁ መሰልኩ። "ሳጓጉዝ ተቀላቅላ ይሆናል" አልኩ። ዋሸሁ። ሰው ሲፈራ እንዴት እንደሚዋሽ ያን ቀን አወቅሁ። በይ ቢሉኝ ያኔውኑ ወደ ሞላ ማሳ እሮጥ ነበር፣ ግን ማን ይበለኝ? ደግሞ ሄጄ ባጣትስ የሚለው አሰረኝ።

"ችግር የለውም" አሉ። "ከጎብዬ እንጀምር። ስንሄድ ስንሄድ እናገኛታለን።"

ሦስት ቀን ሙሉ ጫንኩ። አምስት ይገባል፣ ሰፌዱ ይዞራል፣ ትንሽ ትንሽ ይሰማሉ፣ አምስት ይወጣል። እሳቸው ግን ደስ ብሏቸው ነበር፣ ይህ ነው ይብስ ያቃጠለኝ። "ይህ ከበሮ መቺ ግራኝ ነበር፣ ስሚው፣ ግራው ይከብዳል" ይላሉ። "ይህችኛዋ ባሏ ጥሏት እያለቀሰች ነው የሰው ሰርግ የምታደምቀው።" "ይህ ሰርግ ዝናብ ገብቶበት ሙሽራውን በጀርባችን አሻገርነው።" የሞተውንም ያለውንም በስሙ እየጠሩ መንገዱን ሄዱት። እኔ ዓይናቸውን አላየሁም። ከመጋረጃው ኋላ እትዬ ጀዊሪያ እንደምትሰማ አውቃለሁ፤ ሲዲ በተቀየረ ቁጥር ትንፋሿ ይቆማል።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ዋጃ ደረስን። አምስቱን አውጥቼ ሌላ አምስት ላነሳ ስል እጄን ያዙት።

"ጌጤ፣ አልጋ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፣ የምትከሺው አንቺ ነሽ። ምንድን ነው?"

"አያ..." አልኩ። "አያ፣ ለወፍ ሰጥቻታለሁ።"

"ምን?"

"ለሞላ። ምንም አልተጻፈባትም፣ የተበላሸች መሰለችኝ። ማሽላው ላይ ሰቅሏታል።"

እጄን ለቀቁት። ሰፌዱ ባዶውን አንድ ዙር ዞሮ ቆመ። ውጭ ባጃጅ አለፈ። ቢመቱኝ፣ ቢሰድቡኝ፣ ውጪልኝ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

"ወፎቹስ ፈሩ?" አሉኝ።

"አቤት?"

"ወፎቹ። ሸሹለት?"

"ሸሹ አሉ" አልኩ እያለቀስኩ።

"ድሮም ወፍ ጠባቂ ነበረች" አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ሂጂ አምጪያት። አብሽሪ፣ ሂጂ።"

ባጃጅ እስከ ቻለበት አደረሰኝ፣ ቀሪውን በእግሬ ሮጥኩ። ማሳው ከሩቅ ያብለጨልጫል። ሞላ ማማው ላይ ነበር፣ ስጮህ ወረደ። ስነግረው ጭንቅላቱን ያዘ።

"የትኛዋ ናት?"

"አላውቅም። ሁሉም አንድ ናቸው።"

"እንግዲያ ሁሉንም" አለና ማጭዱን አወጣ። "ወፉ የበላውን ይብላ።" ክሩን እየበጠሰ አርባውንም በነጠላዬ ላይ ጣለልኝ። ሦስት ሳምንት ፀሐይ መትቷቸዋል። ብርማ የነበረው ገርጥቷል፣ ነፋስ እርስ በርስ አፋጭቷቸዋል፣ የወፍ ኩስ ያለበትም አለ።

ቤት ስደርስ ከሰዓት ሆኗል። በለብታ ውሃ አጥቤ፣ በንጹሕ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር እየጠረግሁ፣ አምስቱን ጫንኩ። ማጫወቻው ሲያነብ ይንጫጫል፣ ከዚያ የፈረንጅ ፊደል ያበራል። አያ ከድሮ ነግረውኛል፣ "ሲዲ የለም" ማለት ነው። የለም። የለም። የለም። ሁለተኛው አምስት የለም። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛውም እንዲሁ። እያለች የለችም ይለናል።

ስድስተኛው ዙር ላይ ሦስተኛዋ ጎድጓዳ ስትደርስ መብራቱ ቁጥር አወጣ።

መጀመሪያ ሹርሹርታ ነው። ከዚያ ከሩቅ ጭብጨባ። አንዲት ሴት "ታውጣ፣ ታውጣ" ትላለች። ከዚያ ሳቅ። አጭር፣ ያፈረ ሳቅ። ከዚያ ትንፋሽ ስባ፣

ቆመ። ሹር አለ፣ ቆመ። የፈረንጅ ፊደሉ በራ።

ዘፈኑን አልሰማነውም። አንድ ቃል እንኳ አልወጣችም። ሳቋና ትንፋሿ ብቻ ነው የደረሰን። አውጥቼ ጠረግሁ፣ መልሼ ከተትኩ። አሥር ጊዜ ሞከርኩ። ከዚያ በኋላ ምንም አላነበበም።

ቀና ስል መጋረጃው ተገልጧል። እትዬ ጀዊሪያ ቆማለች። ማጫወቻውን እንደ ሰው ታየዋለች።

"እሷ ናት" አለች። "እንዲህ ነው የምትስቀው።"

ጫማዋን አወለቀች። ሄዳ ከአልጋው ሥር፣ ከባሏ እግር አጠገብ፣ መሬት ተቀመጠች። አያ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አደረጉ።

"ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አሉ። በዚያ ቤት ለነሲባ ይህ የሞት ቃል ሲባል የመጀመሪያው ነበር። ያኔ ነው እትዬ ጀዊሪያ የጮኸችው። ጎረቤት ሁሉ መጣ። ማንም ማን ሞተ ብሎ አልጠየቀም፤ ዘጠኝ ዓመት ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ገብተው ተቀመጡ።

አያ ከዚያ በኋላ ሁለት ወር አልሞላቸውም። እኔ ግን መጻፍ የምፈልገው እስከ ማግስቱ ጠዋት ድረስ ነው።

በማግስቱ ጠዋት በጉ ታርዶ፣ ሸሆቹ ሳይመጡ፣ አያ ወደ አልጋቸው ጠሩኝና ማርከሩን ሰጡኝ። "ጻፊባት" አሉ። ነሲባ ሙሀመድሰይድ ብዬ ጻፍኩ። ስጽፍ አሁንም ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩልኝ። ሲዲዋን ከዋጃ ወዲያ፣ ትንሽ ክፍት ቦታ ትቼ አቆምኳት። ከዚያ፣ "የሞላን አደራ" አሉኝ፣ "ወፍ ለቅሶ አያውቅም።"

ሠላሳ ዘጠኙን በነጠላ ቋጥሬ ወደ ማሳው ሄድኩ። ሞላ ማማው ላይ ቆሞ ወንጭፍ ያዞራል፤ ወፉ በአንድ በኩል ወርዶ ነበር። ሳልናገር ከዳር ጀምሬ አገዳውን እያጎነበስኩ አንድ በአንድ ማሰር ጀመርኩ።

"ከፍ አድርጊው እታለም" አለኝ ከላይ፣ "ፀሐይ እንዲያገኘው።"

ከፍ አድርጌ አሰርኩት።